የሰርግ ቪዲዮ ፊት ሳይደበዝዝ እንዴት ይቀነሳል? በሃንድብሬክ፣ ደረጃ በደረጃ

«ቪዲዮው አልላክ አለኝ። 38 ጊጋ ነው ይላል። ምን ላድርገው?»

በተለይ የጥር ሰርግ ካለፈ በኋላ ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጠያቂው አንዳንዴ ሙሽራው ነው፣ አንዳንዴ የሙሽራዋ እህት፣ አንዳንዴ ደግሞ ቪዲዮ ቀራጩ ራሱ። የሚፈልጉት ግን አንድ ነው፦ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ በቴሌግራም መላክ፣ አለዚያም ፍላሽ ላይ ጭኖ እናት ቤት ቴሌቪዥን ላይ ማየት። መልሱን በየቻቱ ቆራርጬ ከምጽፍ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አሠራሩ ለምርቃትም፣ ለክርስትናም፣ ለማንኛውም ረጅም ቪዲዮ ያገለግላል። ምሳሌዬ ሰርግ የሆነው ለኢንኮደር የሚከብደው ነገር ሁሉ ሰርግ ላይ ስለሚገኝ ነው፦ እስክስታ፣ የዕጣን ጭስ፣ የዲጄ መብራት፣ የቀሚስ ጥልፍ።

ኢንኮደሩ ምን እንደሚያደርግ ባጭሩ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከታች ያሉት ቁጥሮች ትርጉም የሚሰጡት ይህ ሲገባ ነው።

አንድ የፉል ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ሲይዝ አንዱ ምስል ብቻውን 6.2 ሜጋ ይሆናል። በሰከንድ 25 ምስል ካለ 155 ሜጋ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ወደ 560 ጊጋ ይጠጋል። ይህን ይዞ የሚዞር ሰው የለም። ስለዚህ ምስሉ ወደ አጭር ኮድ መቀየር አለበት። ይህን የሚሠራው መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ነው ኢንኮደር የሚባለው።

ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጣል፤ ለተከታዮቹ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ሙሽሮቹ ተቀምጠው ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ካልተነቃነቀ፣ መጋረጃው እንደገና አይጻፍም። «እንዳለ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እስክስታ ሲጀመር ግን ትከሻው፣ ነጠላው፣ ከኋላ የሚያጨበጭበው ሰው ሁሉ በየሰከንዱ ይለወጣል። የሚጻፈው ይበዛል፣ ፋይሉም ያብጣል። ቦታ ስትነፍጉት ደግሞ መጀመሪያ የሚበላሸው እዚያው ጭፈራው ላይ ነው።

ካሜራው ውስጥም ኢንኮደር አለ። ግን ቀረጻው እየሄደ ስለሆነ ይቸኩላል፣ ሲቸኩል ቦታ ያባክናል። ብዙ ካሜራዎች 4ኬ ሲቀርጹ በሰከንድ 100 ሜጋቢት (12.5 ሜጋ) ይጽፋሉ፤ ያ በሰዓት 45 ጊጋ ነው። ኮምፒውተር ግን የሚያስቸኩለው የለም። አንዱን ምስል ከሌላው ጋር እያመሳከረ ያንኑ ነገር ባነሰ ቦታ ይጽፈዋል። ፋይሉን ብዙ ቀንሰን ልዩነቱ ዓይን ላይ የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ኮምፒውተር። ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ፣ ማክ ወይም ሊኑክስ። አሮጌም ቢሆን ይሠራል፤ ይዘገያል እንጂ።
- ሃንድብሬክ። ቪዲዮ እንደገና ኢንኮድ አድርጎ የሚያሳንስ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የሚወርደው ሃንድብሬክ ነጥብ ኤፍአር ከሚለው ዋና ድረ ገጹ ብቻ ነው።
- ቪኤልሲ ማጫወቻ። ለምርመራ።
- የቪዲዮው ዋና ፋይል፣ ከካሜራው ወይም ከኤዲተሩ እንደወጣ።
- ሃርድ ዲስክ ላይ ባዶ ቦታ። ዋናው ፋይል ከተቀዳ በኋላ የሱን ግማሽ ያህል ከተረፈ አይቸግራችሁም።
- ለላፕቶፕ ቻርጀር፣ ለዴስክቶፕ ከተቻለ ዩፒኤስ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሃንድብሬክ ክፈሉ ከተባላችሁ ቦታው ሌላ ነው፤ ውጡ። በማስታወቂያ የተሞላ የማውረጃ ገጽም አትመኑ። በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ከራሱ የማውረጃ ሰርቨሮች አንዱ ተጠልፎ፣ ለጥቂት ቀናት የማክ ተጠቃሚዎች ቫይረስ ያለበት ፋይል አውርደው ነበር። ዋናው ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የሚሰጠው የማረጋገጫ ኮድ የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ለመለየት ነው። ሲጫን ዶትኔት የሚባል ተጨማሪ ከጠየቃችሁ ግን አትደንግጡ፤ ዊንዶውስ ላይ የተለመደ ነው።

ደረጃ 1፦ የት እንደሚታይ ወስኑ

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን መልሱ። «ምን ያህል ላሳንሰው?» የሚል ሰው መጀመሪያ «የት ልታየው ነው?» እለዋለሁ።

በቴሌግራም ከሆነ፣ በነጻው አካውንት አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ መብለጥ አይችልም። በፕሪሚየም 4 ጊጋ ነው። ዋትሳፕም በዶኩመንት መልክ እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል።

በፍላሽ ከሆነ፣ ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ከተደረገ 4 ጊጋ የሞላ ፋይል አይቀበልም። 64 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ኤክስፋት የተባለው ፎርማት ይህ ገደብ የለበትም፤ አንዳንድ የቆየ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ግን ኤክስፋትን አያነብም። እናት ቤት ያለው ቴሌቪዥን አሮጌ ከሆነ ፋት32 ላይ ቆዩና ቪዲዮውን ከ4 ጊጋ በታች አድርጉት።

ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ አታሳንሱት። ሃርድ ዲስክ ግዙ።

ደረጃ 2፦ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ቅዱና መርምሩት

ከካሜራው ሚሞሪ ካርድ ወይም ከፍላሽ ላይ በቀጥታ አትሥሩ። ሥራው ረጅም ነው፤ ገመዱ በመሐል ከተነቃነቀ ይቋረጣል፣ ካርዱም ሊበላሽ ይችላል።

ከዚያ ቪዲዮውን በቪኤልሲ ክፈቱና ኮንትሮልን ይዛችሁ ጄ ተጫኑ። የኮዴክ መረጃው፣ ማለትም ቪዲዮው በምን ዓይነት ኮድ እንደተጻፈ፣ ይመጣል። ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የምስሉን መጠን፣ ለምሳሌ 1920 በ1080፣ እና የፍሬም ሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ምስል (ፍሬም) እንዳለ፣ ለምሳሌ 25 ወይም 50። ሁለተኛውን ቁጥር ደረጃ 6 ላይ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 3፦ ክፈቱና ፕሪሴት ምረጡ

ሃንድብሬክን ክፈቱ፣ ፋይሉን ጎትታችሁ መስኮቱ ላይ ጣሉት። ዲቪዲ ከሆነ ቪዲዮ ቲኤስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ጣሉት፤ ከዚያ ታይትል ከሚለው ዝርዝር ረጅሙን ምረጡ። አጫጭሮቹ የሜኑው ምስሎች ናቸው።

ፕሪሴት ማለት የተዘጋጀ ቅንብር ነው። ከሱ ተነስተን ጥቂቱን እንለውጣለን። ለካሜራ ቪዲዮ «ፋስት 1080ፒ30» የሚለውን ምረጡ፤ በቴሌግራም ለሚላክ ረጅም ቪዲዮ «ፋስት 720ፒ30» ይሻላል፤ ለዲቪዲ ደግሞ «ፋስት 576ፒ25»። በዚህ አገር የተሠሩ የሰርግ ዲቪዲዎች ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተሠሩ ስለሆኑ 576 መስመርና 25 ፍሬም ነው ያላቸው።

ሰመሪ የሚለው ገጽ ላይ ፎርማቱን ኤምፒ4 አድርጉ። እዚያው «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚል ሳጥን አለ፤ በስልክ ለሚታይ ቪዲዮ ምልክት አድርጉበት። የቪዲዮውን ማውጫ ከፋይሉ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ያመጣዋል። ተመልካቹ ሙሉው እስኪወርድ ሳይጠብቅ ማየት የሚጀምረው ማውጫው ፊት ሲሆን ነው።

ደረጃ 4፦ የምስሉ ስፋት

ዳይሜንሽንስ የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ብዙውን ጊዜ የምትነኩት ነገር የለም። በተለይ ለዲቪዲ «አናሞርፊክ» የሚለው «አውቶማቲክ» እንደሆነ ይቆይ። ዲቪዲ ምስሉን ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስትነካኩት ሰዎቹ ወይ አጭርና ወፍራም ወይ ቀጭንና ረጅም ይሆናሉ። የተጋደመ የስልክ ቪዲዮ ካላችሁ «ሮቴሽን» የሚለው እዚሁ ነው።

ደረጃ 5፦ ፊልተርስ፣ የማበጠሪያ ጥርስ ካለ

ፕሪቪው የሚለውን ተጫኑና እጅ ወይም ትከሻ የሚንቀሳቀስበትን ምስል ፈልጉ። የእጁ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ አግድም መስመሮች ካያችሁ፣ ቪዲዮው ኢንተርሌስድ ነው። እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ፣ በተለያየ ቅጽበት ተቀርጿል ማለት ነው። ድሮ በካሴት የተቀረጹና ወደ ዲቪዲ የተቀዱ ሰርጎች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው።

ፍተሻውን በቪኤልሲ አታድርጉት። ቪኤልሲ መስመሮቹን ሳይነግራችሁ አስተካክሎ ሊያሳያችሁ ይችላል።

መስመሩ ካለ «ዲኢንተርሌስ» በሚለው ቦታ «ዲኮምብ» ምረጡ። አለማድረግ ሁለት ጉዳት አለው። ምስሉ ያስቀይማል። ከዚያም በላይ ኢንኮደሩ እነዚያን መስመሮች ዝርዝር መስለውት ያለ የሌለ ቦታውን እነሱ ላይ ያባክናል።

እዚሁ ገጽ ላይ «ዲኖይዝ» የሚል አለ። ካላወቃችሁት አትንኩት። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸን ቪዲዮ ሊያጠራ ይችላል፣ ሲበዛ ግን ፊቱን እንደ ሰም ያደርገዋል። እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ቪዲዮ፣ ዋናው ሥራ

አራት ነገር አለ። ቀስ እያላችሁ ሂዱ።

ሀ. ኮዴክ። «ኤች.264፣ ኤክስ264» የሚለውን ምረጡ። ከሱ ወዲህ የመጡት ኤች.265 እና ኤቪ1 ለተመሳሳይ ጥራት ያነሰ ፋይል ይሰጣሉ፣ እውነት ነው። ግን ቪዲዮውን የምትልኩላቸው አክስት ቴሌቪዥናቸው ይክፈተው አይክፈተው አታውቁም። ኤች.264ን የማያጫውት ስልክ ወይም ኤችዲ ሪሲቨር ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። ኤች.265 ላይ ግን ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ሆኖ የሚቀርበት ብዙ አሮጌ ቴሌቪዥን አለ።

ዝርዝሩ ውስጥ ኤንቪኢንክ፣ ኪውኤስቪ የመሳሰሉ ስሞችም ሊኖሩ ይችላሉ። እነሱ በግራፊክስ ካርዱ ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን መሣሪያ የሚጠቀሙ ናቸው። በጣም ይፈጥናሉ፣ ግን እንደ ካሜራው የቸኮሉ ናቸው፤ ለተመሳሳይ ጥራት ትልቅ ፋይል ያወጣሉ። ፋይል ለማሳነስ ተነስተን እነሱን መምረጥ ነገሩን ይገለብጠዋል።

ለ. ፍሬም ሬት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ። ፕሪሴቱ የፍሬሙን ጣሪያ 30 ላይ ያደርገዋል። ቪዲዮው 25 ከሆነ ችግር የለም፣ 25 ሆኖ ይቀራል። 50 ከሆነ ግን ሃንድብሬክ ከየ5 ፍሬም 3 ይዞ 2 ይጥላል። አጣጣሉ እኩል ስላልሆነ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። የተቀመጠ ሰው ላይ አይታይም። እስክስታ ላይ ግን ትከሻው የሚያደናቅፈው ይመስላል። አንድ ደንበኛ «ካሜራህ ይንቀጠቀጣል» ብሎ የተጣላኝ በዚህ የተነሳ ነው፤ ካሜራው ምንም አልነበረበትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። 50 ከሆነ 25 ምረጡ፣ 60 ከሆነ 30። ያኔ አንድ እየዘለለ እኩል ይጥላል። ሌላ ከሆነ «ሴም አዝ ሶርስ»። ከጎኑ ደግሞ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» የሚለውን ምረጡ። በተለይ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ፍሬሙ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ኋላ ኤዲት ሲደረግ ከንፈርና ድምፅ ሊለያይ ይችላል።

ሐ. ጥራት። «ኮንስታንት ኳሊቲ» የሚለው ተመርጦ ይቆይ። ከሱ ጋር አርኤፍ የሚባል ቁጥር አለ። ከሌላው ነገር ሁሉ በተቃራኒ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ያድጋል። ለዲቪዲ ከ18 እስከ 22፣ ለ720 ከ19 እስከ 23፣ ለ1080 ከ20 እስከ 24፣ ለ4ኬ ከ22 እስከ 28 መካከል ሁኑ። ካላወቃችሁ 1080 ላይ 22 ጀምሩ። ቁጥሩን በ6 ከፍ ስታደርጉት ፋይሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ6 ስታወርዱት እጥፍ ይሆናል።

ይህን መንገድ የምመርጠው ኢንኮደሩ ቦታውን ራሱ እንዲያከፋፍል ስለሚተውለት ነው። ለሽማግሌዎቹ ንግግር ጥቂት፣ ለጭፈራው ብዙ ይሰጣል። እናንተ ጥራቱን ትወስናላችሁ፣ መጠኑን እሱ።

መ. ፍጥነት። «ኢንኮደር ፕሪሴት» የሚለው ተንሸራታች ነው። ወደ «ስሎው» ባመጣችሁት መጠን ኢንኮደሩ ብዙ ያስባል፣ ፋይሉም ይጨመቃል። እኔ ሚዲየም ላይ እሠራለሁ፣ ሌሊት ትቼው ስተኛ ስሎው። ከስሎው አልፎ መሄድ ግን ለሚፈጀው ሰዓት የሚመልሰው ጥቂት ነው።

ፕሮፋይልና ሌቭል የሚሉትን እንዳሉ ተዉአቸው።

ደረጃ 7፦ ድምፅ

ኦዲዮ ገጽ ላይ ኮዴኩ «ኤኤሲ»፣ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚጻፈው ኪሎቢት) 160 ይሁን። «ፓስትሩ» የሚል ቃል ካያችሁ ቀይሩት፤ ድምፁን ሳይነካ እንዳለ አሳልፍ ማለት ነው። የካሜራው ድምፅ ቴሌቪዥኑ የማያውቀው ዓይነት ከሆነ ቪዲዮው ዲዳ ይሆንባችኋል። የድምፅ መስመሩ ከአንድ በላይ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን አዳምጡ። አንዱ ከዲጄው ማሽን በቀጥታ የመጣ፣ ሌላው ከካሜራው ማይክ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ አንድ ደቂቃ ሞክሩ

ሙሉውን አትጀምሩ። ላይ በቀኝ በኩል «ሬንጅ» የሚል አለ። ከ«ቻፕተርስ» ወደ «ሰከንድስ» ቀይሩትና ጭፈራው የደመቀበትን አንድ ደቂቃ ብቻ ምረጡ። ሥሩት፣ ከዚያ በትልቅ ስክሪን ተመልከቱ።

ሦስት ቦታ እዩ። አንደኛ የቀሚሱ ጥበብ፦ መስቀሉ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ቅርጹን ይዟል ወይስ ወደ ቀለም ጭቃ ተለውጧል? ሁለተኛ የሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ፦ የኮሌታው ጠርዝ ይታያል ወይስ ሁሉም አንድ ጥቁር ሆኗል? ሦስተኛ የዕጣኑ ጭስ፦ ለስላሳ ነው ወይስ ደረጃ በደረጃ የተቆራረጠ? የከፋ ነገር ካለ አርኤፉን በ2 ቀንሱ። ሁሉም ደህና ከሆነና ፋይሉ ትልቅ ከሆነባችሁ በ2 ጨምሩ፣ እንደገና ሞክሩ።

ይቺ ደቂቃ መጠኑንም ትነግራችኋለች። 60 ሜጋ ከሆነች አንድ ሰዓት ቢበዛ 3.6 ጊጋ ይሆናል። ቢበዛ ያልኩት የተረጋጋው ክፍል ከጭፈራው ያነሰ ቦታ ስለሚወስድ ነው።

ሙከራው ሲያልቅ ሬንጁን ወደነበረበት መልሱ። እኔ ረስቼው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራልኛል ብዬ ተኝቼ፣ ጠዋት አንድ ደቂቃ ቪዲዮ አግኝቻለሁ።

ደረጃ 9፦ መጠኑ የግድ ሲሆን

ቴሌግራም 2 ጊጋ ካለ 2 ጊጋ ነው፤ ድርድር የለም። ያኔ አርኤፉን ትታችሁ «አቬሬጅ ቢትሬት» ምረጡ፣ ከሱ በታች ያለውን «መልቲ ፓስ» የሚለውንም ምልክት አድርጉ። ኢንኮደሩ መጀመሪያ ሙሉውን አይቶ የት እንደሚከብድ ይመዘግባል፤ በሁለተኛው ዙር ይጽፋል። ያለዚህ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ጭፈራ ሳያውቅ ቦታውን ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ቁጥሩ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ የምትፈልጉትን ሜጋ በ8000 አባዙ፣ ለቪዲዮው ርዝመት በሰከንድ አካፍሉ፣ የድምፁን 160 ቀንሱ።

ምሳሌ፦ የ90 ደቂቃ ቪዲዮ 5400 ሰከንድ ነው። ለጥንቃቄ 2000 ሳይሆን 1900 ሜጋ እንያዝ። 1900 ሲባዛ በ8000፣ 15,200,000 ይሆናል። ለ5400 ሲካፈል 2814። 160 ሲቀነስ 2654። ወደ ታች አጠጋግታችሁ 2600 ጻፉ።

ውጤቱ ከ2000 በታች ከወረደ 1080ን ተዉትና ወደ 720 ውረዱ። በቂ ቦታ ያላገኘ ትልቅ ምስል በቂ ካገኘ ትንሽ ምስል ያንሳል፤ ስልክ ላይ ደግሞ 720 ምንም አይወጣለትም። ከዚያም ካልበቃ ከሁለት ክፈሉት። ቪዲዮውን ማሰቃየት አያስፈልግም።

ደረጃ 10፦ ወረፋ አስገቡና አስጀምሩ

ታች «ሴቭ አዝ» ላይ የሚቀመጥበትን ቦታና ስም ስጡ። ለቴሌቪዥን ከሆነ ስሙን በላቲን ፊደል አሳጥሩ። የግዕዝ ፊደል የሌለው ቴሌቪዥን የፋይሉን ስም ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳየዋል፣ የቱ የቱ እንደሆነም አይለይም።

ማስጠንቀቂያ፣ መብራት፦ ሃንድብሬክ ካቆመበት አይቀጥልም። 90 በመቶ ላይ መብራት ቢጠፋ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። የተጀመረው ኤምፒ4ም አይከፈትም፣ ምክንያቱም ማውጫው የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ቪዲዮ በአንድ ፋይል አታስኪዱት። ሬንጁን እየቀየራችሁ የሙሽራዋን ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ አዳራሹን፣ መልሱን ለየብቻ «አድ ቱ ኪው» በሉ፤ ከዚያ «ስታርት ኪው»። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ያኔ በመሠራት ላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ለማየትም ይመቻል። የመልሱን ጭፈራ ብቻ ማየት የሚፈልግ ዘመድ አይጠፋም።

ላፕቶፑን አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አታስቀምጡት። ሥራው ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ አየር ካጣ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያዘገያል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ሌሊት ከተዋችሁት «ዌን ደን» የሚለውን «ሻትዳውን» አድርጉት፣ ሲጨርስ ራሱ ያጠፋል።

ደረጃ 11፦ ፈትሹ፣ ከዚያ ላኩ

መጀመሪያውን፣ መካከሉንና የመጨረሻውን ደቂቃ ክፈቱ። መጨረሻው ላይ ከንፈርና ድምፅ አብረው መሄዳቸውን እዩ፤ መለያየት ካለ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

ከዚያ ስትልኩ «እንደ ፋይል» ላኩት፤ ዋትሳፕ ላይ «ዶኩመንት» በሚለው። ከስልክ ጋለሪ መርጣችሁ ቪዲዮ ብላችሁ ከላካችሁ መተግበሪያው በራሱ ኢንኮደር እንደገና ይጨምቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ የደከማችሁበት ከንቱ ይሆናል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ዚፕ ማድረግ። «ዚፕ አድርጌው 38 ጊጋው 37.9 ሆነ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ዚፕ የሚያሳንሰው ድግግሞሽ ያለበትን ፋይል ነው። ቪዲዮው ውስጥ የነበረውን ድግግሞሽ ካሜራው አስቀድሞ አውጥቶታል፤ ለዚፕ የተረፈ የለም።

የፋይሉን ስም መቀየር። ኤምቲኤስ የሚለውን ቅጥያ አጥፍቶ ኤምፒ4 ብሎ መጻፍ ኮዱን አይቀይረውም። ጤፍ ማዳበሪያ ላይ ስንዴ ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

የተላከን ቪዲዮ እንደገና ማሳነስ። በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣውን አውርዶ ደግሞ ማሳነስ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው። በየዙሩ የሚጠፋ ነገር አለ፣ አይመለስም። ሁልጊዜ ከዋናው ጀምሩ።

አርኤፍን ከመጠን በላይ ማውረድ። 10 ወይም 12 አድርጎ «ጥራቱ እንዲጨምር ነው» የሚል አለ። ጥራት ከምንጩ አይበልጥም። ፋይሉ ግን ከዋናው ሊበልጥ ይችላል።

ፋይሎችን በሃንድብሬክ ለመቀጠል መሞከር። አንዳንድ ካሜራ ረጅሙን ቀረጻ በየጥቂት ጊጋው ይቆራርጠዋል። ሃንድብሬክ አይቀጥልም። መጀመሪያ በኤዲቲንግ ሶፍትዌር አገናኙ፣ ከዚያ አምጡት።

ዋናውን ቶሎ ማጥፋት። አዲሱ ፋይል ተልኮ፣ እዚያ ማዶ ተከፍቶ፣ «አየነው፣ ድምፁም ደህና ነው» እስኪባል ድረስ ዋናውን አትንኩት። ከተባለም በኋላ አንድ ኮፒ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቆይ። ልጆቹ አድገው የወላጆቻቸውን ሰርግ በትልቅ ቴሌቪዥን እንይ ሲሉ፣ ለስልክ የተሠራችው 720 አትበቃም።